የልብ ነገር ከአንገት ሲጀምር

(ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ላይ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለእድር አባላት ያደረግኩት ንግግር ነው። ከስልክ ቀረጻ የተገለበጠ ስለሆነ ወሬ ወሬ ይላል፤ እንዲሁ ትቼዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። አሰላሙ አለይኩም።

የጦሳ ተራራ ዛሬም ጉሙን እንደተከናነበ ነው። በዚህ ብርድ ከሮቢትም ከሆጤም፣ ከኮምቦልቻ ድረስ ሀረጎን ወጥታችሁም መጥታችኋል። እግዜር ይስጥልኝ። አላህ ይስጥልኝ። አባቶች ወደ ፊት ኑ፤ ከኋላ ይነፍሳል። እናቶች ተጠጉ፣ ቦታ አለ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስደርጋችሁ። ግራ መዳፋችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣት፣ አመልካቹንና መሃለኛውን፣ ከአውራ ጣታችሁ ሥር፣ እጅ አንጓው ላይ አሳርፉ። ቀስ ብላችሁ ጫን። በአውራ ጣት አትዳብሱ፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። አገኛችሁት? ያላገኘ የጎረቤቱን ይያዝ። ሳቅ ይቁም። ሰዓት እይዛለሁ፤ ሠላሳ ሰከንድ ቁጠሩ።

በቃ። ያገኛችሁትን በሁለት አባዙ። ቁጭ ብሎ የተረጋጋ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። 110 ያገኘ አለ? አብሽር፣ አሁኑኑ ደረጃ ወጥተህ መጥተህ ይሆናል። ትናንት ጫት ላይ ያመሸም ካለ ልቡ ትንሽ ትሮጣለች። ስም አልጠራም።

ቁጥሩ ግን ግማሹ ነገር ነው። አካሄዱንስ አያችሁት? እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እኩል ይሄዳል? ወይስ አንዴ ሮጥ፣ አንዴ ቆም፣ አንዴ ዘለል ይላል? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። እኔ ይህችን ጥያቄ ባለመጠየቄ የከፈልኩት ዕዳ አለ።

የተጠራሁት ስለ ልብ ላወራ ነው። ግን ስለ ልብ ብዙ አላወራም። ለምን? ብዙ ጊዜ ልብ የምትጮኸው ሌላ ቦታ ያለ ትንሽ ነገር ስላስቸገራት ነው። እኛ ደግሞ ጩኸቷን ሰምተን እሷኑ እንወቅሳለን። ዛሬ ወደ ሦስት ቦታ እወስዳችኋለሁ፤ ወደ አንገት፣ ከኩላሊት በላይ፣ ከዚያ ከጨጓራ ጀርባ። አንገት ላይ እንቆያለን፤ ሌላውን ፈጠን እላለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ቃል ላስተካክል። እኛ ሐኪሞች «እጢ» ስንል ሰው ይደነግጣል። «እጢህ ችግር አለበት» ያልኩት ሰው ኑዛዜውን ማሰብ ይጀምራል። በአማርኛችን እጢ ማለት ሁለት ነገር ነው። አንዱ የምንፈራው እባጭ ነው። ሌላው ደግሞ እግዜር ከሌላው አካላችን ጋር የፈጠረው፣ ሁላችንም ያለን፣ ያለሱ የማንኖረው ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። ይህ እጢ ሆርሞን የሚባል ነገር ያመነጫል፤ ሆርሞኑ ደም ውስጥ ገብቶ ሰውነትን በሙሉ ያዛል።

እንዴት ያዛል? የእድራችሁን ጡሩምባ ነፊ አስቡት። አንድ ሰው ነው፤ ምናልባትም ቀጭን ሰው። ግን ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ አንዴ ከነፋ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል። ድንኳን ተካዩ ይሄዳል፣ ንፍሮ ቀቃይዋ ትነሳለች። አሁን ይህ ሰው ዝም ብሎ ቀንና ሌሊት ቢነፋስ? ሰፈሩ ይታመሳል፣ ሰው እንቅልፍ ያጣል። ጭራሽ ባይነፋስ? ቀባሪ ይጠፋል። ሆርሞን እንዲህ ነው። መብዛቱም ማነሱም ያው መከራ ነው።

እሺ፣ አንገት።

እዚህ ማንቁርታችሁ ሥር፣ ክንፏን እንደዘረጋች ቢራቢሮ የተለጠፈች እጢ አለች። ታይሮይድ ትባላለች። ክብደቷ 20 ግራም ቢሆን ነው። የሰውነት እሳት ማቀጣጠያ እሷ ናት። ምግብ በምን ፍጥነት ይቃጠል፣ ልብ በምን ፍጥነት ይምታ፣ ሰውነት ይሙቅ ይብረድ፣ በሁሉም እጇ አለበት።

ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። ፈቅዳልኛለች፤ «ንገሪያቸው፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ» ብላለች። እኛ ቤት እቴትዬ ነው የምንላት። የኩታበር አካባቢ ልጅ ናት። ከድሮ ጀምሮ እንቅርት ነበራት፤ ሻሿን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትሸፍነው ነበር። እንቅርት በእኛ ደጋ ብርቅ አይደለም። በልጅነቴ አሮጊት ሁሉ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር።

አራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት መጣሁ። እቴትዬ ቡና አፈላች። ጀበናውን አነሳች። ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ቅጭ ቅጭ ቅጭ አሉ። እጇ ይንቀጠቀጣል። አቦሉን ስትቀዳ ግማሹ ቄጠማው ላይ ፈሰሰ። ፊቷ ከስቷል፤ የአንገት ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ይንሸራተታል። እኛ ሁላችን ጋቢ ለብሰን እሷ ነጠላዋን ጥላ ታራግባለች። በደሴ ብርድ! «ምን ሆነሻል?» አልኳት። «እኔንጃ ልጄ፣ እበላለሁ እበላለሁ፣ ሆዴ አይሞላ። ሌሊት ልቤ እንደ ከበሮ ትመታለች» አለችኝ።

ጎረቤት ምን አለ? «ቡዳ በልቷት ነው።» እኔስ ምን አልኩ? እኔ፣ ከመጽሐፍ ላይ ዓይኔን የማልነቅለው፣ ልታከም ሳይሆን ላክም የተማርኩት? እጇን ያዝኩ፣ ትርታዋን ቆጠርኩ፣ 120 አገኘሁ። አካሄዱ ወጣ ገባ ይል ነበር። ተሰምቶኛል፤ ዛሬም ጣቴ ላይ አለ። ግን «የአጎቴ ሞት ነው፣ ሐዘን ነው፣ ጭንቀት ነው» አልኩ። «ቡና ቀንሺ» አልኳት። ይኸው ነው ያልኩት። ቡና ቀንሺ! ለወሎ ሴት!

ታዛዥ ናት፣ ቀነሰች። ሰባት ወር ቆየች። አንድ ጠዋት ምጣድ ላይ እንደተቀመጠች ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። አፏ ተጣመመ። ስትሮክ ነበር። ሆስፒታል ደርሳ ኢሲጂ፣ የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣው ምርመራ፣ ሲነሳ ልቧ ሥርዓት አጥቷል። ደሟ ሲመረመር የታይሮይድ ሆርሞኗ ከልክ አልፎ ሰማይ ነክቷል። ዓመታት ዝም ብሎ የተቀመጠው እንቅርት ነቅቶ ቀንና ሌሊት ጡሩምባ ሲነፋ ነበር። ያገራችን ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል። የእሷ ግን በእንቅርት ላይ የልብ ሕመም፣ በልብ ሕመም ላይ ስትሮክ ሆነ።

አንገት ላይ ያለ እብጠት እንዴት ቀኝ እጅን ይገድላል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ሆርሞኑ ሲበዛ የልብን የላይኛውን ክፍል ያሳብደዋል። ያ ክፍል መምታቱን ትቶ ይርገበገባል። የሚርገበገብ ነገር ደም አይገፋም። ያልተገፋ ደም ጥግ ላይ ተኝቶ ይረጋል። የረጋው ቁራጭ አንድ ቀን ተነስቶ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ጠባብ ሥር ላይ ሲደርስ ይወተፋል። እንዲህ ያለ ሥርዓት የለሽ ምት ያለበት ሰው ለስትሮክ ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ቅድም አካሄዱን ያስቆጠርኳችሁ። አካሄዱን!

ዛሬ እቴትዬ በግራ እጇ ነው ቡና የምትቀዳው። መድኃኒቷን ትውጣለች፣ እንቅርቷ ታክሟል፣ ልቧ ረግቷል። ሰው ሲሰበሰብ ግን አትምረኝም። «ሌባው አንገቴ ላይ ተጎልቶ፣ የኔ ሐኪም ቡናዬን ከሰሰችው!» ትላለች። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እሷም የምትለው እንድትስቁ ነው።

ታዲያ መለያው ምንድነው? እየበላ የሚከሳ፣ በብርድ የሚያልበው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ተቀምጦ ልቡ የምትሮጥበት፣ ነገር ቶሎ የሚያስቆጣው፣ አንዳንዴም ዓይኑ የወጣ የሚመስል ሰው ካለ «ተጨንቆ ነው» ብላችሁ አትዝጉት። ይጨነቅ ይሆናል። ግን የታይሮይድ ምርመራ ይደረግለት። የእጅ ደም ናት፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ሕክምናም አለው። ሆርሞኑን የሚቀንሰውን፣ ፒቲዩ የሚባለውን ኪኒን ስም የምታውቁ አላችሁ፤ ልብን ዝግ የሚያደርጉም አሉ። ከዚያ ወዲያ ቀዶ ሕክምናም አለ።

ተቃራኒውም አለ። እጢዋ ስትደክም። ያኔ ሰውዬው ይበርደዋል፣ ያንቀላፋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ድምፁ ይጎረናል፣ ሳይበላ ይወፍራል። ልቡ ዝግ ትላለች። መጥፎው ኮሌስትሮል ይጨምራል፤ ጉበት ያንን ስብ ከደም የሚለቅመው በዚሁ ሆርሞን ትእዛዝ ነውና። ግፊትም ይነሳል። ሲብስ በልብ ዙሪያ ውሃ ይቋጥራል። አንድ መምህር ነበሩ፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ ተብለው ከርዕሰ መምህሩ ጋር የተጣሉ። ለኮሌስትሮል ኪኒን ይወስዳሉ፣ አይወርድም። ታይሮይዳቸው ሲታከም ኮሌስትሮሉም ወረደ፣ ጸቡም ቀረ። መምህራን፣ ተማሪም እንዲህ ይሆናል። የሚያንቀላፋ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

የዚህኛው መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ይባላል። አጠቃቀሙ ላይ ወሎዬ ይቸገራል። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ነው የሚዋጠው። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቡና የለም። ቡና ኪኒኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። «መድኃኒቱ አልሠራ አለኝ» ያለችኝ እናት በቡና ነበር የምትውጠው። በአቦሉ!

አሁን ከርዕሴ ትንሽ ልውጣ፤ ስለ ጨው።

ታይሮይድ ሆርሞኗን የምትሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ካጣች እየለፋች እየለፋች ታብጣለች፤ እንቅርት ይኸው ነው። የእኛ ደጋ ተራራ ነው፤ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ኖሯል፤ አዮዲኑም አብሮ ወርዷል። አፈሩ ውስጥ ከሌለ ጎመኑ ውስጥ የለም፣ ጤፉ ውስጥ የለም። አያቶቻችን አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲገበያዩ ኖረዋል፤ ግን አሞሌውም የሚበቃ አዮዲን አልነበረውም። ዛሬ ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨውም በራሱ አይበቃም፤ አዮዲን ተጨምሮበት መሸጥ አለበት። በ2003 ዓ.ም. ይህን ግዴታ የሚያደርግ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጥቷል። ስለዚህ ስትገዙ የታሸገውን፣ አዮዲን ያለው የሚለውን አንብባችሁ ግዙ።

ገዝታችሁ ስታበቁስ ምን ታደርጋላችሁ? እዚህ ላይ እናቶች እንዳትቆጡኝ። አንዳንዶቻችን «ይጥራ» ብለን ጨው እናጥባለን። ስናጥበው አዮዲኑ ከውሃው ጋር ይደፋል። ክዳን በሌለው ጣሳ ምድጃ አጠገብ እናስቀምጠዋለን። ወጡ ሳይበስል ጨምረን አንድ ሰዓት እናንተከትከዋለን። አትጠቡት፤ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ የልጁ አንጎል የሚሠራው በዚሁ ነው።

«ዶክተርዬ፣ ጨው ለግፊት መጥፎ ነው አላልሽም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ነው፣ የበርበሬውም የዳቦውም ተደምሮ። ጥቂት ጨው፣ ግን አዮዲን ያለው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የቆየ፣ ጓል ጓል የሆነ እንቅርት ያለባቸው ሰዎች አዮዲን ሲያገኙ አልፎ አልፎ እንቅርቱ ነቅቶ ሆርሞን ያበዛል። ይህ ጨዉን ለመተው ምክንያት አይሆንም። እንቅርት ያለው ሰው ይመርመር ለማለት ነው። ምናልባት የእቴትዬም ነገር እንዲህ ነበር።

ጨው ብዙ አስወራኝ። ወደ ሁለተኛው ቦታ እንሂድ።

ኩላሊታችሁ ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉ። አድሬናል ይባላሉ። ስትደነግጡ ልባችሁን የምታዘልለው አድሬናሊን ከዚያ ነው የምትመጣው። ጨውና ውሃ እንዲቆይ የሚያዘው አልዶስተሮንም ከዚያ ነው፤ እሱ ከበዛ ግፊት ይነሳል፣ ፖታሲየም ይወርዳል። ገና በወጣትነቱ ግፊት የያዘው፣ ወይም ሦስት ዓይነት ኪኒን እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው «እጢዬ ይታይልኝ» ቢል ነውር የለውም። ይበል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያው የሚመጣው ሦስተኛው ሆርሞን ነው፤ ኮርቲሶል።

ከኮምቦልቻ አንዲት ወጣት መጣች። ልታገባ ሦስት ወር ቀርቷታል። ቀጭን ነበረች፤ «ሙሽራ እንዲህ ከስታ?» ተባለች። የሰፈር ሰው ማወፈሪያ ኪኒን አመላከታት። ያለ ማዘዣ ገዛች። በሁለት ወር ወፈረች። ምን ዓይነት መወፈር? ፊቷ ክብ ሆነ፣ እኛ የጨረቃ ፊት እንለዋለን። ሆዷ ገፋ፣ እጅና እግሯ ግን ቀጠነ። ቀሚሷን ገለጥ ስታደርግ ሆዷ ላይ ወይን ጠጅ መስመር፣ ጣት የሚያክል። ግፊቷ 170 በ110። ስኳሯ ተነስቷል። ዕድሜዋ 23 ነው!

«ኪኒኑን አሳዪኝ» አልኳት። ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ አወጣች። ዴክሳሜታዞን። ይህ ከኮርቲሶል ወገን የሆነ፣ እጅግ ጠንካራ መድኃኒት ነው። በቦታው ሕይወት ያድናል። አስም ያለበትን፣ አንጎሉ ያበጠን ያድናል። ለማወፈር ግን ሥጋ አይጨምርም። ስብና ውሃ ይቋጥራል፣ ጡንቻ ያሟሽሻል፣ ስኳር ያመጣል፣ ግፊት ይሰቅላል። ይህ ሁሉ ደግሞ የልብ ጠላት ነው።

ልብ በሉልኝ። ይህን ሰምታችሁ ቤት ያለውን ዛሬውኑ እንዳትደፉት። ሳምንታት ሲወሰድ የራሳችን እጢ «ሌላ ሰው እየነፋልኝ ነው» ብላ ታንቀላፋለች። በድንገት ሲቆም እሷ አትነቃም፤ ሰው ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። በሐኪም፣ ቀስ እየተባለ፣ እየተቀነሰ ነው የሚወጣው። ልጅቱንም እንዲሁ አደረግን፤ ሠርጉ ተራዘመ። ለሕመማችሁ ሐኪም ያዘዘላችሁ ካላችሁም አታቋርጡ። የፊት ማቅያ ቅባት የምትቀቡ እህቶች ደግሞ፣ አንዳንዱ ውስጥ ያው የመድኃኒቱ ወገን አለ። ቆዳ ያሳሳል፤ ሲበዛ ወደ ደምም ይገባል። ቀለማችሁ ምን ሆነና?

ሦስተኛው ቦታ ቆሽት ነው። ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመች። ኢንሱሊን የምታመነጭ። ስለ ስኳር እዚህ ቤት የማያውቅ የለም። የሌለበት ቤት ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? የወጣው ጥቂት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ፤ ስኳር የልብ በሽታ ነው። አዎ፣ የልብ። ስኳር ያለበት ሰው ለልብ ሕመም ያለው ተጋላጭነት ከሌለበት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። በአዋቂ የሚመጣው ስኳር ሲጀምር ኢንሱሊን አይጠፋም። ጡሩምባው ይነፋል፣ ሰፈሩ ግን ጆሮው ደንዝዟል። ነፊው አብዝቶ ይነፋል። ዓመታት እንዲህ ይሄዳል። በመጨረሻ የነፊው ሳንባ ይደክማል። እስከዚያ ግን ቦርጭ ወጥቷል፣ ጉበት ስብ ለብሷል፣ ግፊት ተነስቷል፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ቆስሏል። ስኳሩ ሲታወቅ ጉዳቱ ጎረምሷል ማለት ነው።

አንድ ሾፌር ነበር፤ ከኮምቦልቻ ጂቡቲ ይመላለሳል። በመንገድ ላይ ውሃ አይጠጣም፣ ለስላሳ ነው የሚጠጣው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። እሱ በቀን አራት! እኔ ጋ የመጣው «ድካም ድካም አለኝ፣ ያልበኛል» ብሎ ነው። ደረቱን አላመመውም። ኢሲጂ ስናነሳ ልቡ ከቀናት በፊት ተመትቷል። ስኳር የስሜት ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ልብ ስትሞት እንኳን ላይጮህ ይችላል። ስኳር ያለባችሁ፣ ምክንያት የሌለው ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ «ደረቴን አላመመኝም» ብላችሁ አትቀመጡ።

ቁጥሮቹን ያዙ። ከምግብ በፊት ጠዋት የተለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነና ተደግሞ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው። የሦስት ወር ስኳር የምንለው ምርመራ ደግሞ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ። እሱን ማታለል አይቻልም። ቀጠሮ ሲደርስ ሦስት ቀን የሚጾሙ አሉ፤ አውቃችኋለሁ! ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ይኖራል፤ የበላችሁትን መዝግቦ ነው የሚቆየው።

ኢንሱሊን የምትወጉ ወንድሞችና እህቶች፣ መድኃኒቱን ናቁት አልልም፣ አትፍሩት እንጂ። በ1914 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በፈረንጅ 1922 ማለት ነው፣ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ይሞት ነበር። እሱ ግን ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። እኛ ደግሞ ዋጋውን በ2014 ዓ.ም. አይተነዋል። ከተማችን በጦርነቱ መሃል በነበረችበት ወራት ስንቱ አንዲት ብልቃጥ ፍለጋ በእግሩ ዞረ። መብራት የለም፣ ፍሪጅ የለም። አንድ አባት የልጃቸውን ብልቃጥ በሸክላ ነው ያተረፉት። ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ፣ መሃሉ ላይ እርጥብ አሸዋ፣ በላዩ እርጥብ ጨርቅ። ማን አስተማራቸው? እንስራ ውሃ እንደሚያቀዘቅዝ ማን ያስተምራል! ደሴ ብርድ ናት፣ ችግር የለም። ኮምቦልቻና ባቲ ላላችሁ ግን ይህች ዘዴ ዛሬም ትሠራለች። በረዶ ቤት ብቻ አታስገቡት፤ አንዴ ከረጋ ይጣላል።

ጾምን በተመለከተ አጭር ልበል። ሼኾቻችንና ቄሶቻችን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ረመዳን ሳይገባ፣ ሁዳዴ ሳይያዝ ሐኪማችሁን አማክሩ። መድኃኒት ሰዓቱም መጠኑም ይቀየራል። ጾም ላይ ሆናችሁ ስኳራችሁ ከ70 በታች ከወረደ እዚያው አፍጥሩ። መለካት ጾም አያፈርስም፤ ሼኾቹ ነግረውኛል።

እናቶች፣ ሁለት ነገር አልፌ ልሂድ። የወር አበባዋ የሚዘበራረቅ፣ አገጯ ላይ ጸጉር የሚወጣባት ወጣት ካለች «ስታገባ ይስተካከላል» አትበሏት። ብዙ ጊዜ ከኢንሱሊን ጋር የተያያዘ ነው፤ ስኳሯና ግፊቷ ይታይ። የወር አበባ የቆመላችሁ ደግሞ እስከዚያ ልባችሁን ሲጠብቅ የነበረው ሆርሞን ሄዷል። ግፊትና ኮሌስትሮል የምትለኩበት ጊዜ አሁን ነው። «የወንድ በሽታ ነው» የሚባል የልብ ሕመም የለም።

ስለዚህ የግፊት ካርድ ይዛችሁ ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ዶክተር፣ ከእጢ ይሆን እንዴ?» በሉ። አንዳንዱ ሐኪም ፊቱን ያጠቁር ይሆናል። ይጠቁር። እኔንም አንድ ሰው ያኔ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ቆም ብዬ አስብ ነበር።

አሁን ከኋላ ጭሱ መጣ፤ ቡናው ቀርቧል ማለት ነው። ዕጣኑም ሸተተኝ። ጥያቄ ያላችሁ እየጠጣን እንጫወታለን። የግፊት መለኪያዋ በሩ አጠገብ ናት፤ ተራ ያዙ፣ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ፣ ሳታወሩ። ካልጠጣችሁ ይሻላል፤ ቡናም ይለውጠዋልና ለመለካት የፈለገ ከስኒው በፊት ይምጣ። አንቺ ከመስኮቱ ሥር ያለሽው፣ ቅድም ኪኒኔን ስንት ሰዓት ዋጥኩ ብለሽ ሰዓትሽን ያየሽው፤ አየሁሽ። አንድ ሰዓት ካልሞላው አቦሉ ይለፍሽ። ቶናው ላይ ትደርሻለሽ።